«ትንሽ በረዶ ናት» ለሚሉን

በአርጀንቲናና በቺሊ ድንበር ላይ በተዘረጋው ደረቅ የአንዲስ ተራራ ጉዳይ አንድ ክርክር ሳይሰለች ይመለሳል። እዚያ ያለው ግግር በረዶ ትንሽ ነው፣ ግማሹም ድንጋይ ነው፣ ለእሱ ሲባል ወርቅና መዳብ መሬት ውስጥ አይቀርም የሚል ነው። ሳይንስ ይመስላል። ግን አይደለም።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ። ግግር በረዶ በብርድ ብቻ አይፈጠርም። ዩያይያኮ የተባለው ተራራ ከፍታው 6,739 ሜትር ነው፤ ግን ግግር በረዶ የለበትም። ለምን? አታካማ ላይ በቂ በረዶ ስለማይጥል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ ያሉት ግግር በረዶዎች የሚኖሩት በጥቂት የክረምት ወጀቦች ነው። ገቢያቸው በጣም ትንሽ ነው። ታዲያ እንዴት ኖሩ?

ወጪያቸውም ትንሽ ስለሆነ ነው። አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነበት ከፍታ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል። አንድ ኪሎ በረዶን ወደ ተን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙቀት ከስምንት ኪሎ በላይ በረዶ ያቀልጣል። ስለዚህ ፀሐይዋ ጉልበቷን በጥቂት በረዶ ላይ ትጨርሳለች። ድርቀቱ በአንድ በኩል በረዶ ይነፍገዋል፣ በሌላ በኩል ከመቅለጥ ይጠብቀዋል። አየሩ ሲሞቅ ግን ያው ጉልበት ወደ ማቅለጥ ይዞራል፤ ሚዛኑም ይሰበራል።

በዚህ ላይ ፈንጂና ከባድ መኪና የሚያስነሱት አቧራ ሲጨመር አስቡት። ስስ አቧራ በረዶውን ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ በረዶ ደግሞ ፀሐይን ይበልጥ ይጠጣል። ወፍራም የድንጋይ ሽፋን ግን ተቃራኒውን ይሠራል፤ እንደ ብርድ ልብስ ከሙቀት ይከልላል። ስለዚህ «ግማሹ ድንጋይ ነው» የሚባለው በረዶ፣ ድንጋዩ ስላለበት ነው የሚቆየው! የሚሳለቁበት ነገር ጋሻው ነው።

አንድ እውነት አለ፤ አንሸሽገውም። ተን የሆነው በረዶ ወንዝ አይገባም። ለዚህ ነው ውሃው ኢምንት ነው የሚሉት። ነገር ግን በረዶ በማይጥልበት ዓመት፣ በበጋው ማብቂያ፣ ከላይ የሚወርደው ውሃ ድርሻ ከፍ ይላል። ማዕከላዊ ቺሊ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የጀመረ ረጅም ድርቅ አይታለች። የመጠባበቂያ ዋጋ የሚለካው በጠገበ ዓመት ነው እንዴ?

ታሪኩም ይመስክር። ፓስኩዋ ላማ በተባለው የወርቅ ፕሮጀክት ባሪክ ጎልድ መጀመሪያ ያቀረበው እቅድ በረዶውን ቆርጦ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነበር። ግግር በረዶ እንደ ሶፋ! የቺሊ ባለሥልጣናት በ2006 ፕሮጀክቱን ሲፈቅዱ በረዶው እንዳይነካ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። በ2018 የቺሊ አካባቢ ተቆጣጣሪ በቺሊ በኩል ያለው ሥራ በቋሚነት እንዲዘጋ ወሰነ። በአርጀንቲናዋ ሳን ሁዋን ደግሞ በ2015 ከቬላዴሮ ማዕድን ማውጫ 1 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ሳያናይድ ያለበት ፈሳሽ አመለጠ።

አርጀንቲና በ2008 የወጣውን የግግር በረዶ ሕግ በፕሬዝዳንቷ ውድቅ አደረገች፤ በ2010 ግን አጸደቀችው። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ይሻርልኝ ያለውን የባሪክን አቤቱታ አልተቀበለም። በ2023 መጨረሻ የሚሌይ መንግሥት ጥበቃውን ለማላላት በሰፊው ረቂቅ ሕጉ ውስጥ አስገባ፤ ያኔ አልተሳካም። ፍላጎቱ ግን አልሞተም።

ሥራ ፈጠራስ? የሳን ሁዋን ወጣት ሥራ ይፈልጋል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን በ2010 የጸደቀው ሕግ ማዕድን ማውጣትን አልከለከለም፤ የከለከለው በበረዶው ላይና የቀዘቀዘው መሬት ባለበት መቆፈርን ነው። ከተራራው ሁሉ ይህችን ብቻ ተዉ ማለት ልማትን መጥላት አይደለም።

ማዕድኑ ሲያልቅ ኩባንያው ይሄዳል። ወይኑንና ወይራውን በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ግን እዚያው ነው። የማስረጃውም ሸክም መገልበጥ አለበት፤ በረዶው ይጠቅማል ብሎ ገበሬው ማስረዳት የለበትም፤ አይጎዳም ብሎ መቆፈር የሚፈልገው ያስረዳ። አለበለዚያ ተረቱ ይፈጸማል፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር። ተራራው ወርቁን ይሰጣል፣ ሸለቆው ጠጠሩን ይታቀፋል።