ክትር የሌለው ማሳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈውን መንገድ ያገኛል። በከተማው ዙሪያ ተዘርግቶ እስከ ጣና ዳርቻ የሚደርሰው ሜዳ ፎገራ ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ ከገባበት ወዲህ ገበሬው ማሳውን በአፈር ክትር ከፋፍሎ ውሃ ይይዛል፤ የተረፈውንም በመውጫው ያሳልፋል። ርብና ጉማራ በሚሞሉበት ክረምት ክትሩ የፈረሰ እንደ ሆነ የአንዱ ማሳ ጥፋት ለጎረቤቱ ይተርፋል።

ይህን ማንሣታችን ስለ እርሻ ለማውራት አይደለም። መሬትን፣ ግብርንና ንግድ ፈቃድን ባንድነት የሚያሠራ የድረ ገጽ ሲስተምም እንዲሁ ክትር ያሻዋል።

ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣን በአንድ መሥሪያ ቤት ይህን የመሰለ ሲስተም ሲጠገን አይተናል። ኮዱ የተከፈለው በፋይሉ ዓይነት ነበር፤ ገጾቹ ሁሉ ባንድ ፎልደር፣ ሰንጠረዦቹ ሁሉ በሌላ። ከግብሩ ስሌት አንዲት መሥመር ብትለወጥ የንግድ ፈቃዱ መስኮት ቆመ። ለካ የፈቃዱ ክፍል የግብሩን ሰንጠረዥ በቀጥታ ይነካ ኖሯል! ከገጠር የመጣው ባለጉዳይም ሳይስተናገድ ተመለሰ።

ዴቪድ ፓርናስ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም መከፈል ያለበት በሥራው ቅደም ተከተል ሳይሆን ነገ ሊለወጥ በሚችለው ውሳኔ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱም ክፍል ውሳኔውን በውስጡ መሠወር እንደሚገባው አስረድቷል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ግብር የራሱ ፎልደር ይኑረው፤ ገጹም፣ ደንቡም፣ ሰንጠረዡም በዚያው ይቀመጥ። መሬትም እንዲሁ። ሌላው ክፍል የሚፈልገውን በታወቀች በር ይጠይቅ እንጂ ጓዳ አይግባ። እንደ ይለፍ ቃልና እንደ ዘመን አቆጣጠር ያለው የጋራ ነገር ለብቻው ይሁን፤ ነገር ግን ቦታ ያጣ ኮድ ሁሉ የሚጣልበት ጉድጓድ እንዳይሆን ይጠበቅ። ጃንጎን የመሰሉ መሣሪያዎች ሥራውን በየ«አፕ» ለመክፈል ያመቻሉ፤ በሩን መጠበቅ ግን የሠሪው ፈንታ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን እያንዳንዱን ክፍል በየሰርቨሩ መለያየት ይሻላል ይላሉ። ድንበሩ ሳይታወቅ መለያየት ግን ያንኑ ዝብርቅርቅ በኔትወርክ ላይ መበተን ነው፤ ሦስት ሰዎች ብቻ ለሚጠብቁት ሲስተምም ከባድ ሸክም ነው።

ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ሠሪው ነገ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ኮዱ ግን ለተተኪው ይቀራል። ክትር የሚሠራው በበጋ ነው እንጂ ጎርፉ በመጣ ቀን አይደለም።