የጋራ መረብ የጋራ ጥበቃ ይሻል

የጋራ ሀብት የሚለማው በጋራ ጥረት፣ የሚዘልቀውም በጋራ ጥበቃ ነው። ይህ እውነት ለሸማቾች ሱቅ፣ ለወፍጮ ቤትና ለቦኖ ውሃ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ዛሬ በየመኖሪያ ሰፈሩና በየሥራ ቦታው ለተዘረጋው ገመድ አልባ የሬዲዮ መረብም ይሠራል። አባላት ከኪሳቸው አዋጥተው የሚከፍሉበት ዋይ ፋይ የማኅበር ሂሳብ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የልጆች ትምህርትና በስልክ የሚላክ ገንዘብ የሚመላለስበት መስመር ነው። ስለሆነም በመረባችን ላይ የትኛው መሣሪያ ይግባ፣ የትኛውስ ይከልከል፣ ይህንንስ ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሳይሆን የመላው አባላት ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ተገቢውን መልስ የሚያገኘው ነገሩ በተጨባጭ ሲመረመር ነው። ገመድ ወደ ቤት የሚገባው በታወቀ ቀዳዳ በመሆኑ በር የዘጋ ሰው መስመሩን ጠበቀ ሊባል ይችላል። የሬዲዮ ሞገድ ግን ግድግዳና አጥር አይገድበውም፤ ከመንገድ ማዶ የቆመ መንገደኛም ይሰማዋል። እንግዲህ በሩ የእንጨት ወይም የብረት ሊሆን አይችልም፤ በሩ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው።

ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ የሚታየው አሠራር ሌላ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ማክ አድራሻ የሚባል፣ በ12 ቁጥሮችና ፊደላት የሚጻፍ መለያ ይሰጠዋል። የመረቡ ኃላፊ የአባላትን ስልኮች መለያ በራውተሩ ላይ ይመዘግባል፤ ከመዝገቡ ውጭ የሆነ አይገባም ይባላል፤ አባላትም ተጠበቅን ብለው ይተኛሉ። ይህ አስተሳሰብ የተሳሳተ መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባናል። መሣሪያው መለያውን በአየር ላይ የሚያሰማው ሳይመሰጥር ነው። ጉዳዩ፣ ዘበኛው ስም ብቻ እየጠየቀ በሚያስገባበት በር፣ ገቢው ሁሉ ስሙን ጮክ ብሎ እንደሚናገር ነው። በአጥሩ ሥር ያደፈጠ ሰው የአንዱን አባል ስም ሰምቶ፣ ያንኑ ስም ጠርቶ ይገባል። የሌላውን መለያ መዋስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚህም የከፋ ቅራኔ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አንድሮይድ 10፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ የአይፎን ስልኮች፣ የባለቤታቸውን እንቅስቃሴ ከሚከታተሉ ለመሰወር ሲሉ የፋብሪካውን መለያ ትተው በፈጠራ መለያ ይቀርባሉ። በዚህም የተነሳ መዋጮውን የከፈለው አባል በር ላይ ሲቀር፣ ስም የተዋሰው ሰርጎ ገብ ይገባል። ወዳጅን የሚከለክል፣ ጠላትን የማይገታ ጥበቃ ጥበቃ አይባልም።

ቁልፉም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከመጀመሪያው የዋይ ፋይ ደረጃ ጋር የወጣው ዌፕ የተባለው የምስጠራ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 በተመራማሪዎች ተሰብሯል። ይህን እያወቁ መዘግየት ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካው የችርቻሮ ኩባንያ ቲ.ጄ.ኤክስ ታሪክ ያስተምራል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ እንዳደረገው ቢያንስ የ45.7 ሚሊዮን የክፍያ ካርዶች መረጃ ተዘርፎበታል። የካናዳ ባለሥልጣናት ምርመራም ኩባንያው በጊዜው በደካማው ዌፕ ሲጠቀም እንደነበር አመልክቷል። ችላ ያለው ድርጅቱ ነው፤ ካርዱ የተዘረፈው ግን ተራው ሸማች ነው።

«የምንደብቀው ምን አለን?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእነዚህ ወገኖች መልሳችን አጭር ነው። በመስመራችን ገብቶ ሌላውን የዘረፈ ሰው ሲፈለግ፣ ፍለጋው መጀመሪያ የሚያደርሰው ወደ መስመሩ ባለቤት ነው። በእርግጥ በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። ነገር ግን ሕግ የሚቀጣው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጥንቃቄው መቅደም አለበት።

ታዲያ ምን መደረግ አለበት? አንደኛ፣ መረቡ ቢያንስ በደብሊው ፒ ኤ 2፣ ከተቻለም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው በደብሊው ፒ ኤ 3 ይመስጠር፤ የይለፍ ቃሉም ረጅምና ለመገመት የሚያስቸግር ይሁን። ሁለተኛ፣ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በዕለቱ ይለወጥ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ራውተሮችንና ካሜራዎችን የማረከው 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነው። ሦስተኛ፣ ለእንግዶች የተለየ መረብ ይከፈት፤ የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር ከመንገደኛ ስልክ ጋር አንድ መረብ አይጋራ። አራተኛ፣ ሠራተኛ በበዛበት ድርጅት አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም ማደል ቀርቶ፣ እያንዳንዱ በራሱ ስምና ቁልፍ የሚገባበት ሥርዓት ይዘርጋ፤ አንዱ ሥራ ሲለቅ የእርሱ ቁልፍ ብቻ ይሰረዛል፣ የሌላው ሥራ አይስተጓጎልም።

ሆኖም ጥበቃ በቴክኒክ ብቻ አይፈታም። ቁልፉን የያዘ ሰው ማን እንዲገባ፣ ማን እንዲቆረጥ የማድረግ ሥልጣን ይዟል። ይህ ሥልጣን በአንድ ግለሰብ ኪስ ሲቀመጥ፣ ጥበቃው ቀስ በቀስ ወደ አድልዎ ይለወጣል፤ ዘመድ ሲገባ ባዳ ይቀራል። አሮጌ ስልክ ያላት ጡረተኛ አዲሱን ምስጠራ ስልኳ ስለማይቀበለው ብቻ ከመዋጮዋ ድርሻ መገለል አይገባትም፤ ለእርሷ የሚሆን መንገድ ማዘጋጀት የማኅበሩ ግዴታ ነው። ስለዚህ የመግቢያ ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይጽደቅ፤ የአስተዳዳሪው ቁልፍ በሁለት ተመራጮች ኃላፊነት ይጠበቅ፤ የተከለከለ አባልም ምክንያቱን የመጠየቅና አቤቱታ የማቅረብ መብቱ ይከበር።

የማኅበራት አባላትና ሠራተኞች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን ጉዳይ በአጀንዳነት ሊይዙት ይገባል። ያልገባቸውን መጠየቅ፣ ያወቁትን ማሳወቅ፣ ያጠፉትን በግልጽ ማረም ይጠበቅባቸዋል። የስም መዝገብ ይዞ ተጠብቀናል ማለት ራስን ማታለል ነው፤ አስተማማኙ ጥበቃ ጠንካራ ቁልፍና የነቁ አባላት ናቸው።