ከዘፋኙ ጀርባ ያሉትንም እንጻፍ

የሚወደውን ዘፈን ማን እንደዘፈነው የማይነግረኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እስቲ ኦርጋኑን ማን ተጫወተው ብላችሁ ጠይቁት! ዝም ነው። ጥፋቱ ግን የአድማጩ አይደለም፤ ስለ ሙዚቃ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ዘፋኝ ስለሆነ ነው እላለሁ።

ለዚህ ዋሊያስ ባንድን ምስክር ልጥራ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን የተከለ ነው። በዚያ ዘመን መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሆቴሉ ወይም የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ሙዚቀኛው ቅጥረኛ ነው። ዋሊያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ሒልተን ሆቴል ሠሩ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ታዳሚው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል እነሱም እየተጫወቱ ያነጉ ነበር። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ የተቀነባበረ አልበም አወጡ። ኦርጋኑ የኃይሉ መርጊያ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አለበት። ፈንኩም፣ ጃዙም፣ የኛው ቅኝትም አንድ ላይ ተዋሐዱ።

በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከፊሉ ተመለሰ፣ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር።

ታዲያ ያንን ካሴት ማን አገኘው? ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ። የት? እዚሁ ባሕር ዳር! ሰውየው ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት፤ ካሴቱም በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በቡሬ በኩል ባሕር ዳር የሚመላለሰው የኛ ሰው እኮ ለካሴቱ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነበር። ይህ ማን ነው ብሎ የጠየቀው ግን እንግዳው ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የጎጃም ሰው የሚወደው ግጥሙን፣ ሰምና ወርቁን ነው፤ መሣሪያው አጃቢ ነው» ይሉኛል። ግጥም መውደዱ እውነት ነው። ነገር ግን አዝማሪው ገጣሚም፣ ዘፋኝም፣ ማሲንቆ መቺም እሱው ራሱ ነው። ዋሽንት የሚነፋው እረኛም ያለ አንድ ቃል ሰው ያስለቅሳል። ስለዚህ ዘፋኙን ከፍ፣ ተጫዋቹን ዝቅ ማድረግ ከገጠሩ የወረስነው ልማድ አይደለም።

አሁን በየሰርጉ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፅ ማጉያ ማሲንቆውን እየተካው ነው። ኪቦርዱን አልጠላም፣ ኃይሉም የተጫወተው እሱኑ ነው። የሚያሳስበኝ ሽማግሌው ማሲንቆ መቺ ሲያልፍ ስሙም አብሮ መቀበሩ ነው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን መምህራንና ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ሦስት ተጫዋቾችን እናነጋግር። ስማቸውን፣ መሣሪያቸውን፣ ከማን እንደተማሩ፣ ከማን ጋር እንደሠሩ እንመዝግብ። ደብተርና ስልክ ይበቃል። የተሰበሰበው በዚሁ መጽሔት ይውጣ። ነገ አንድ እንግዳ መጥቶ «ይህን የተጫወተው ማን ነው?» ሲል መልሱ እኛ ዘንድ ይገኝ።