መብራት ጠፍቶ ያመለጠን ክፍል

የጀመሩትን ሳይጨርሱ መተው በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ቤት ጀምሮ የተወ፣ ትምህርት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ስሙ በመልካም አይነሳም። ደንቡ ለቤትና ለትምህርት የሚበጅ መሆኑን የሚክድ የለም። ችግሩ ለማታ ድራማና ለልቦለድም ሳይለወጥ መሥራቱ ነው። ባቱ ከተማ ውስጥ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰበው ቤተሰብ «ይሄ ድራማ እኮ ድሮ ነው ያለቀለት» እያለ በማግሥቱም በሰዓቱ ይሰየማል። ታዲያ ለምን ታዩታላችሁ ሲባል መልሱ «አንዴ ጀምረነው!» ነው። መጽሐፍም ከዚህ አያመልጥም። ግማሹ ላይ ወረቀት የተሰካበት ልቦለድ ትራስ ሥር ይከርማል፤ ባለቤቱ እሱንም አይቀጥል፣ ሌላም አይጀምር። አንድን ድራማ ወይም መጽሐፍ እንተው ወይስ እንቀጥል የሚለው ጥያቄ እስካሁን ምን ያህል እንደተጓዝንበት በመቁጠር አይመለስም ባይ ነኝ። መጠየቅ ያለበት ሥራው ልባችንን ይፈልጋል ወይስ ሰዓታችንን ብቻ የሚለው ነው።

ልማዱ እንዲሁ አልመጣም። ከባቱ በጀልባ ተሻግረው ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ቢወጡ በደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ይዘዋቸው እንደመጡ በትውፊት ይነገራል። ብራና ለማዘጋጀት ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይሰመራል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳና የወራት ጉልበት ይበላል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «አልሳበኝም» ብሎ የሚያስቀምጥ አንባቢ አይታሰብም። በቄስ ትምህርት ቤትም ልጅ 150ውን መዝሙር ሲዘልቅ ዳዊት ደገመ ተብሎ ይደገስለታል፤ ክብሩ ያለው መዝለቁ ላይ ነው። ዘመን ተሻግሮ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የነበረው ያው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። የእጦቱን ሌላ ጫፍ ተርጓሚው ነቢይ መኮንን ያሳየናል። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የሰየመውን የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞታል። ወረቀት እንኳ በሌለበት ቦታ የተጀመረን መጽሐፍ መተው ምርጫ ሆኖ አይቀርብም። የጀመርነውን እንድንጨርስ ያስተማረን እጦት ነው፤ በዘመኑም ትክክለኛ ትምህርት ነበር።

አሁን እጦቱ ቦታ ለውጧል። በየጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ በደርዘን የሚቆጠር ጣቢያ ያወርዳል፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ ማለቂያ የሌለው ዩቲዩብ አለ። የጠፋው ሰዓት ነው። ገና ሳይነጋ ወደ አበባ እርሻ የሚሄድ ሠራተኛ ማታ ለራሱ የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። በሳምንት አምስት ቀን የሚተላለፍ፣ ክፍሉ 45 ደቂቃ የሆነ ድራማ በዓመት 195 ሰዓት ይወስዳል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ በሰዓት 30 ገጽ የሚያነብ ሰው ግን ከ20 ሰዓት በታች ይጨርሰዋል። አንድ የተንዛዛ ድራማ በአንድ ዓመት የዚያን ልቦለድ አሥር እጥፍ ሰዓት ይበላል ማለት ነው። ድራማው ግሩም ከሆነ ይብላ፤ ሒሳቡ የሚያሳምመው ተመልካቹ ራሱ «አልቆለታል» እያለ ሲከፍል ነው።

ታዲያ ሰው አልቆለታል ያለውን ነገር ለምን አይተውም? ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ቤት የዓመት ትኬት ለገዙ ሰዎች፣ እነርሱ ሳያውቁት፣ በዕጣ ለከፊሎቹ ዋጋ ተቀነሰላቸው፤ ሌሎቹ ሙሉውን 15 ዶላር ከፈሉ። በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉ የከፈሉት ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ብዙ ትርኢት አዩ። ቴአትሩ ለሁሉም ያው ነው። ልዩነቱ ከኪስ የወጣው ብር ነው፤ ያ ብር ደግሞ ሄዱም ቀሩም አይመለስም። የመጽሐፍ ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ «ይህን ሁሉ ብር አውጥቼበት!» ማለት አያስገርምም። ነገር ግን ብሩ አንዴ ወጥቷል፤ ባልወደድነው መጽሐፍ ላይ ምሽታችንን ስንጨምርበት ኪሳራው ሁለት ይሆናል። ለድራማ ደግሞ የምንከፍለው በተስፋ ነው። ልጁ አባቱን የሚያገኝበት፣ ተንኮለኛዋ የምትጋለጥበት ቀን ይመጣል እየተባለ ዓመቱ ያልቃል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አዘጋጆቹም ይህን ተስፋ ጠንቅቀው ያውቁታል። በቱርክ የአንድ ድራማ አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ተዋንያን፣ ጸሐፊዎችና የካሜራ ባለሙያዎች ርዝመቱ ከልክ አለፈ ብለው ተቃውሞ አሰምተዋል። ተዋናዩ ራሱ በዛ ያለውን ድራማ ነው እኛ ቆራርጠንና ወደ አማርኛ መልሰን ለወራት የምንከታተለው። የዩቲዩብ ነገርም እንዲሁ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቪዲዮ መሐል ማስታወቂያ ማስገባት የሚቻለው ርዝመቱ 8 ደቂቃ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ለአምስት ደቂቃ የሚበቃ ነገር ያለው ሰው ሦስት ደቂቃ ከየትም ይፈልጋል። የተንዛዛ ክፍል ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። «ባለፈው ክፍል» የሚለው ይጀምራል፣ ረጅሙ የመግቢያ ዘፈን ይከተላል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። ሙዚቃው ይደልቃል። ካሜራው ሳሎን ውስጥ ያሉትን አራት ሰዎች ፊት በየተራ ያሳያል፤ ማንም ቃል አይተነፍስም። ማስታወቂያ። ስንመለስ በሩ እንደገና ይከፈታል።

እንዴት እንወስን ለሚለው የተለያየ መልስ ተሰጥቷል። ናንሲ ፐርል የተባሉት የሲያትል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ 50 ገጽ አንብቡ፣ ካልጣማችሁ ተዉት ይላሉ፤ ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ደግሞ ከ100 ላይ ዕድሜውን ይቀንስና የቀረውን ያህል ገጽ ያንብብ። የ70 ዓመት አዛውንት 30 ገጽ ይበቃቸዋል ማለት ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ትዕግሥት የመቀነስ መብት መገኘቱ ደስ ይላል፤ ሆኖም ደንቡ የሚቆጥረው ገጽ ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለውን መለኪያ መብራት ኃይል በነጻ ሰጥቶናል። ድራማው ሊጀምር ሲል መብራት ይጠፋል፤ ክፍሉ ያመልጣል። በማግሥቱ ሲቀርብ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ግልጽ ከሆነ፣ «ትናንት ምን ሆነ?» ብሎ ጎረቤት የሚጠይቅ ሰውም ከጠፋ፣ ያ ክፍል እንደማያስፈልግ ድራማው በራሱ አፍ መሰከረ ማለት ነው። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ መተው ነው። ለልቦለድም ይሠራል፦ ካሉበት 20 ገጽ ይዝለሉ። ምንም ካልጎደለብዎ ደራሲው ወረቀት እያባከነ ነው። ማን ከማን እንደተጣላ ከጠፋብዎት ግን ተመልሰው ያንብቡ፤ ያ መጽሐፍ እየሠራ ነው፤ የደከመው አንባቢው ሊሆን ይችላል።

ይህን መለኪያ የምመርጠው ከባድን ከባዶ ስለሚለይ ነው። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ አንባቢ አልተቀበለውም። ክርክር ይበዛበታል፣ ንግግሩ የአካባቢውን አነጋገር እንዳለ ይዞ ይመጣል፣ ታሪኩም በቀጥታ መስመር አይሄድም። በ50 ገጽ ደንብ ቢዳኝ ብዙ ሰው ከእጁ ይጥለዋል። 20 ገጹን ዝለሉና ሞክሩት እስቲ፤ ክሩ ወዲያው ይጠፋችኋል። ዛሬ ከዘመናዊው የአማርኛ ልቦለድ ፋና ወጊዎች አንዱ ተብሎ መቆጠሩም ከዚህ የራቀ ምክንያት የለውም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በተፈቃሪዋ በሰብለ ወንጌል አይጀምርም። መጀመሪያ ማንኩሳ ውስጥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ተጋብተው፣ በዛብህን ወልደው፣ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡት እናያለን። የፍቅር ታሪክ ፍለጋ የመጣ ችኩል አንባቢ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ሊል ይችላል። ያ ስለት ከሌለ ግን በዛብህ በኋላ በፍቅር ሲወድቅ የሚያሳድደው ነገር አይገባንም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፤ እንቁላሉ ውስጥ ጫጩት መኖር አለመኖሩን ማየት ግን የእኛ ፋንታ ነው። መጨረሻው ያማረ ሥራ ምልክቱን ከመጀመሪያው ያስቀምጣል፤ መቶ ክፍል አንዛዝቶ በመጨረሻው ሳምንት የሚክስ ድራማ ብዙ አልታየም።

መለኪያው የማይሠራበትም ቦታ አለ። እንደ «ቤቶች» ያለ ሳምንታዊ ኮሜዲ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ስለሆነ ቢዘለልም ምንም አይጎድልም፤ እዚያ የሚጠየቀው ዛሬ አሳቀን ወይ ነው። ግጥምና ወግም እንዲሁ። ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ የቤተሰብ ነው። ቴሌቪዥኑ አንድ፣ ሪሞቱም አንድ በሆነበት ቤት እናትና ልጅ፣ አንዳንዴም አያት ጭምር በአንድ ሶፋ የሚቀመጡት ያን ሰዓት ጠብቀው ነው። ድራማው ቀረ ማለት ሁሉም ስልኩን ይዞ በየጥጉ ገባ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን አልከራከርም። አብሮ ለመቀመጥ ሲሉ የሚያዩት ድራማ ደካማ ቢሆንም ምሽቱ ከንቱ አልሆነም፤ ሲጨዋወቱበት፣ ሲስቁበት፣ ቀድመው መጨረሻውን ሲተነብዩ ያመሻሉ። የእኔ ምክር ብቻውን ተቀምጦ፣ እየተበሳጨ፣ እንደ ግዴታ ለሚጨርሰው ሰው ነው።

ሌላው ስጋት ትዕግሥትን ይመለከታል። ወጣቱ በቲክቶክ ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው በሚዘልበት ጊዜ «ተዉ» ብሎ መምከር እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው የሚሉ አሉ። ስጋቱን እጋራለሁ፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። በጣት እየገፋ የሚያልፍ ሰው ምንም አልወሰነም፤ ሳያስበው ነው ያለፈው። መቶ ገጽ አንብቦ፣ ለምን እንዳልሆነለት ለጓደኛው አስረድቶ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ግን ፈርዷል። ከዚህም በላይ የንባብን ልማድ የሚገድለው የማይወዱትን መጽሐፍ እንደ ዕዳ ተሸክሞ መክረም ነው፤ ትራስ ሥር ያለው ልቦለድ ካላለቀ ሌላ አይገዛም፣ ሌላ አይዋስም፣ ዓመቱም ያለ ንባብ ያልፋል። ፈረንሳዊው ደራሲ ዳንኤል ፔናክ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከዘረዘራቸው አሥር የአንባቢ መብቶች ሦስተኛው ያለመጨረስ መብት ነው፤ መምህር ስለነበረ ተማሪ ከመጽሐፍ የሚሸሸው መቼ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

«የአገር ውስጥ ሥራ ይበረታታ» የሚለውም ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውመው ነበር፤ ቅሬታቸውም መሠረት ነበረው፣ ተሠርቶ ያለቀ ድራማ ከሚገዛ ጋር አዲስ የሚሠራ ሰው በዋጋ አይወዳደርም። ተመልካቹን ግን በሐዘኔታ ማቆየት አይቻልም። «ሰው ለሰው» የተባለው የአገር ውስጥ ድራማ ሲተላለፍ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አገር ሁሉ ያወራለት የነበረው አገር በቀል ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ነገ ምን ይሸርብ ይሆን ብሎ የሚያሳድር ገጸ ባሕርይ ስለነበር ነው። ደካማውን ሥራ ዝም ብለን ስንጨርስለት ከጠንካራው ጋር እኩል እናደርገዋለን፤ ስፖንሰሩም ልዩነቱን አያውቅም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የምትጎትቱትን ድራማ አንድ ክፍል ሆን ብላችሁ እለፉት፤ በማግሥቱ ካልጎደለባችሁ ተዉት፤ ለምን እንደተዋችሁትም ለጣቢያው ንገሩት። ትራስ ሥር የከረመውን መጽሐፍ ደግሞ ወረቀቱን ንቀሉና ለሌላ ሰው ስጡት፤ ለእናንተ ያልሆነው ለእሱ ይሆን ይሆናል።