ማብራሪያ ማቅናትም ሥራ ነው

የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን የሊኑክስን ከርነል ማንበብ መጀመራቸው ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በኮዱ መካከል የተጻፈውን ማብራሪያ ማረም እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር እንሰማለን። «ፕሮግራም ያልጻፈ ምን ሠራ?» ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም።

ምክንያታችንን በኤፍትሬስ እናስረዳ። ኤፍትሬስ፣ ከርነሉ በሥራ ላይ ሳለ የትኛው ፈንክሽን መቼ እንደ ተጠራ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ስቲቨን ሮስቴት አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2008 በሊኑክስ 2.6.27 ገባ። በየፈንክሽኑ መግቢያ አንዲት የጥሪ ትእዛዝ ትቀመጣለች፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ምንም በማይሠራ ትእዛዝ ትተካለች፤ ክትትል ሲፈለግ እንደ ገና ወደ ጥሪ ትለወጣለች። እንግዲህ በጽሑፍ የሚነበበውና በማሽኑ የሚሮጠው ኮድ አንድ አይደለም። ይህን ለአንባቢ የሚነግረው ማብራሪያው ነው።

በዚያው ዓመት፣ እትሙ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ ከባድ ጕዳት ደረሰ። ለማስጀመሪያ ብቻ የሚያስፈልግ ኮድ ተነሥቶ ቦታው ለኔትዎርክ ካርድ ከተሰጠ በኋላ፣ ኤፍትሬስ የቀድሞው ኮድ ገና እዚያ ያለ መስሎት ጻፈበት፤ የአንዳንድ የኢንቴል ካርዶችም ቋሚ ማኅደር ተበላሸ። ማብራሪያ ብቻውን ይህን ባዳነ ነበር አንልም። ሆኖም «ይህ አድራሻ እስከ መቼ ይታመናል?» የሚለው ጥያቄ ከኮዱ መሥመር አይነበብም፤ መልሱ የሚጻፍበት ቦታ ማብራሪያው ነው።

የተሳሳተ ማብራሪያ ደግሞ ጨርሶ ከመታጣቱ ይከፋል። ከጎባ ወደ ሳነቴ በጉም የሚወጣ ሾፌር ምልክት ቢያጣ ቀስ ይላል፤ የቀኙን መታጠፊያ ግራ የሚል ምልክት ቢያገኝ ግን አምኖ ወደ ገደሉ ይነዳል። ኮዱ ሲለወጥ ሳይለወጥ የቀረ ማብራሪያም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ ይመጣል። ለብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ከአፋን ኦሮሞና ከአማርኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። አፉን የፈታበት ሰው በልማድ ዘሎት የሚያልፈው አሻሚ ዐረፍተ ነገር እኛን ያሰናክለናል። መሰናከላችንን እንደ ድክመት ቈጥረን ዝም ማለት አይገባንም፤ ጥፋቱ የጽሑፉ ሊሆን ይችላልና ከኮዱ ጋር እናመሳክረው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተገኘ በፍላሽ ይዞራል፤ ኔትዎርክ በሌለበት ቀንም ሮቤ ተቀምጦ ይነበባል። እርማቱ በኢሜይል ይላካል፤ ተቀባይነት ካገኘም ከነጸሐፊው ስም በከርነሉ ታሪክ ተመዝግቦ ይኖራል።

ይህን ስንል የፊደል ግድፈት እየለቀምን ስም እናስመዝግብ ማለታችን አይደለም። ኮዱ ራሱ የሚናገረውን በእንግሊዝኛ መድገምም ማብራሪያ አይባልም። የሚፈለገው ሥራው ለምን እንዲህ እንደ ሆነና ምን ሲጓደል እንደሚፈርስ መጻፍ ነው፤ ይህንም ኮዱን ያልተረዳ ሰው ሊጽፈው አይችልም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን በየቡድናቸው አንድ አንድ የኤፍትሬስ ፋይል ይዘው ማብራሪያውን ከኮዱ ጋር እንዲያስተያዩ እናሳስባለን። መምህራኖቻችንም በሚገባ የተመረመረ እርማትን ከመመረቂያ ሥራ እንደ አንዱ እንዲቀበሉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።