ችግር በቅቤ ሲያስበላ

ችግር በቅቤ ያስበላል ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለሰው ብቻ የተተረተ ይመስል ነበር፤ ለካ በዓይን ለማትታየው ባክቴሪያም ይሠራል።

ባክቴሪያ ፕሮቲኗን የምትሠራው ራይቦዞም በሚባለው ክፍሏ ነው። ራይቦዞም የዘር ትእዛዙን ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ፣ ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ተገቢውን እየመረጠ ይቀጥላል። በደህናው ቀን የሚሳሳተው ከ1,000 እስከ 10,000 በሚሆኑ አሚኖ አሲዶች አንድ ጊዜ ገደማ ነው።

ጉዱ የሚመጣው ምግብ ሲጎድል ነው። አስፓራጂን የሚባለው አሚኖ አሲድ ቢያልቅ ራይቦዞሙ ቦታውን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። ጥበቃው ሲረዝም በፊደሉ የሚቀራረበው ላይሲን ሰተት ብሎ ይገባል። ላይ ላዩን ሲያዩት ፕሮቲን ነው፤ ውስጡ ግን ተበላሽቷል።

ጤነኛዋ ባክቴሪያ ለዚህ መላ አላት። እ.ኤ.አ. በ1969 ካሼልና ጋላንት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ባክቴሪያ ሲርባት የምታወጣውን የማስጠንቀቂያ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን ጻፉ። ምልክቱ ሲነዛ አዲስ ራይቦዞም መሥራት ይገታል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ያለው ጥቂቱ ይብቃቃል፣ ስህተቱም ብዙ አይጨምርም። ይህን ምልክት ማውጣት የተሳናቸው ዝርያዎች ግን እንደ ጥጋብ ዘመን ማምረታቸውን ይቀጥላሉ፤ ስህተታቸውም ይበዛል።

ነገሩ ከደጃችን ነው። በባቡር 40 ደቂቃ ያህል በምትርቀው ኡፕሳላ፣ ኩርላንድና ኤረንበርግ በራይቦዞም ትክክለኝነት ላይ ለዓመታት ተመራምረዋል። የራይቦዞምን ቅርጽ ያሳዩት ራማክሪሽናን፣ ስታይትስና ዮናትም በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤላቸውን የተቀበሉት እዚሁ ስቶክሆልም፣ ሆቶርየት ገበያ አጠገብ ባለው የኮንሰርት አዳራሽ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ በመርፌ ሲሰጥ የኖረው ስትሬፕቶማይሲንም የሚሠራው የባክቴሪያዋን ራይቦዞም በማሳሳት ነው።

እኛ ስደተኞችስ የአገር ቤት ወሬ ሲርበን? በኖቬምበር 2020 የትግራይ ስልክ ሲቋረጥ፣ በኦገስት 2023 የአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ክፍቱን ቦታ የሞላው ምን ነበር? «አሉ» ነው። እውነተኛውን ወሬ ይመስላል፤ በየስልኩ ይዞራል፤ ላልሞተ ሰው ልቅሶ ያስቀምጣል፣ በቡና የሚጠራሩ ጎረቤታሞችን ያኳርፋል።

ወሬ በጠፋ ሰሞን ብዙ ከማውራት ጥቂት ማውራት ይሻላል። ጋዜጣም ቢሆን ገጹ ቢሳሳ ነውር የለበትም። ባክቴሪያዋ እንኳ ሲርባት ሥራዋን ትቀንሳለች።

ቸር ወሬ ያሰማን።