ከሰንጋ ተራ የሚነበብ የፕሮጀክት አመራር፦ ከኮንክሪት እስከ ዲጂታል ሥርዓት

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘውና ስሙን ከቁም ከብት ንግድ የወረሰው ሰንጋ ተራ ዛሬ የሚታወቀው በባንኮችና በኢንሹራንስ ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤቶች ነው። ይሁንና አካባቢው ከፋይናንስ ማዕከልነቱ ባሻገር ሌላ ገጽታም አለው። የእግር መንገድ በሚባል ርቀት ውስጥ የ40/60 የቁጠባ ቤቶች ሕንፃዎች፣ የአገሪቱ ረጅሙ ሕንፃ፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስመር፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ አገር የግዥና የበጀት ሥርዓት ውስጥ ያለፉ ናቸው። ውጤታቸው ግን አንድ ዓይነት አልሆነም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መመርመር፣ መንግሥት በዲጂታል ዘርፍም ሆነ በነባሮቹ የግንባታና የግብርና ዘርፎች በርካታ ፕሮጀክቶችን በአንድ ጊዜ በሚመራበት በአሁኑ ወቅት ወቅታዊ ጉዳይ ነው።

በፕሮጀክት አመራር ላይ በሚደረጉ ውይይቶች «ነባር ዘርፍ» እና «አዲስ ዘርፍ» የሚባሉት ብዙውን ጊዜ እንደ ሁለት ዓለም ይቀርባሉ። በአንዱ ወገን በዝርዝር ዲዛይን፣ በውልና በጊዜ ሰሌዳ የሚመራው ግንባታ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ በአጫጭር ዙሮች እየተሠራ በየጊዜው የሚታረመው የሶፍትዌር ሥራ አለ። ይህ ክፍፍል ከፊል እውነት አለው። ሆኖም ዋናው ልዩነት ያለው ስህተት መቼ ይታያል፣ ከታየ በኋላስ ለማረም ምን ያህል ያስወጣል በሚለው ላይ ነው። የፈሰሰ ኮንክሪትን ማፍረስ ውድ ስለሆነ ግንባታ ውሳኔውን ከሥራው በፊት እንዲጨርስ ይገደዳል። ሶፍትዌር በቀላሉ ስለሚለወጥ ውሳኔን ማዘግየት ይፈቅዳል፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ቅለቱ ነው።

የሰንጋ ተራ የ40/60 ቤቶች ለመጀመሪያው ነጥብ ጥሩ ማሳያ ናቸው። መርሐ ግብሩ ቤት ፈላጊው የቤቱን ዋጋ 40 በመቶ እንዲቆጥብ፣ ቀሪው 60 በመቶ በባንክ ብድር እንዲሸፈን ታስቦ የተነደፈ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ ከ160 ሺህ በላይ ነዋሪዎች በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል ተመዝግበዋል። ሰንጋ ተራና ክራውን ከመጀመሪያዎቹ ሳይቶች መካከል ሲሆኑ፣ በሁለቱ ሳይቶች የተገነቡ የመኖሪያ ቤቶች ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ለዕድለኞች ተላልፈዋል። የግንባታው ጥራትና የሕንፃዎቹ መጠናቀቅ በራሱ ስኬት ነበር። ነገር ግን በምዝገባው ወቅት ለተመዝጋቢው የተነገረው የቤት ስፋት ለባለ አንድ መኝታ 55፣ ለባለ ሁለት 75፣ ለባለ ሦስት 100 ካሬ ሜትር ሆኖ ሳለ፣ ተገንብተው የተገኙት ቤቶች ከዚህ የሰፉ ነበሩ፤ በምዝገባው ያልነበረ ባለ አራት መኝታ ቤትም ተካቷል። ቤት ሲሰፋ ዋጋውም ይጨምራል። በተመሳሳይ ቦታና በጀት ሊሠራ የሚችለው የቤት ቁጥርም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ በጥሞና መታየት አለበት። የዲዛይን ለውጡ በቴክኒክ ደረጃ ሲታይ የተሻለ ቤት አስገኝቷል ሊባል ይችላል። በፕሮጀክት አመራር ቋንቋ ግን ጥያቄው ለውጡን ማን አጸደቀው፣ ከማን ጋር ተመካከረ የሚል ነው። ለዓመታት በየወሩ ሲቆጥብ የኖረ መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የዚህ ፕሮጀክት ተጠቃሚ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ አቅራቢውም ነው። በለውጡ ውስጥ ድምፅ አልነበረውም። ዕጣው ሙሉ ክፍያ ለከፈሉ ቅድሚያ መስጠቱም የመጀመሪያውን የ40 በመቶ ስምምነት ለተመዝጋቢዎች ግልጽ ያልሆነ አድርጎታል። ከዚያ ምዝገባ ቤት ያላገኙ በርካታ ቆጣቢዎች ዛሬም በመጠባበቅ ላይ ናቸው። ለእነርሱ «የወሰን ለውጥ» የሚለው የባለሙያ ሐረግ ለተጨማሪ ዓመታት የሚከፈል የቤት ኪራይ ማለት ነው።

ከዚሁ ሳይት ብዙ ሳይርቅ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። ከ209 ሜትር በላይ ቁመት ያለውና ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ የጠየቀው ይህ ሕንፃ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሮ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመርቋል። ባለቤቱ አንድ፣ ተቋራጩም አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ተጠቃሚውም ራሱ ባለቤቱ ስለነበር የወሰን ክርክር እምብዛም አልገጠመውም። ግንባታ በዚህ መልኩ ሲመራ ረጅም ቢሆንም የሚተነበይ ነው።

የዚሁ ባንክ ሁለተኛው ምሳሌ ግን ከሕንፃው ይልቅ ብዙ ያስተምራል። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር በተያያዘ በተፈጠረ ችግር፣ የባንኩ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በፍጥነት ተዛመተ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ግብይቶች ተፈጸሙ። ባንኩ ክስተቱ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቆ፣ ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገልጿል፤ አብዛኛው ገንዘብም ከዚያ በኋላ ተመልሷል። ሰባት ዓመት የፈጀ ግንባታ ያላደረሰውን ዓይነት ድንጋጤ የአንድ ሌሊት ማሻሻያ አደረሰ ማለት ነው።

ይህን ክስተት እንደ ቴክኒክ ብልሽት ብቻ ማየት ትምህርቱን ያሳንሰዋል። በግንባታ ሳይት አንድ ምሰሶ ከመሞላቱ በፊት የአማካሪ መሐንዲሱ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ብረቱ ይቆጠራል፣ ቅርጹ ይለካል፣ ፊርማ ይሰፍራል። ማንም ተቋራጭ «እንሙላው፣ ካልሆነ ነገ እናስተካክለዋለን» አይልም። በዲጂታል ሥርዓት ላይ የሚደረግ ለውጥም ተመሳሳይ ሥርዓት ይሻል፦ ቀድሞ በተለየ የሙከራ ቦታ መፈተሽ፣ ለጥቂት ደንበኞች ብቻ ከፍቶ መከታተል፣ ችግር ሲታይ ወደ ቀደመው ሁኔታ የሚመለሱበትን መንገድ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ሌሊትም ቢሆን አገልግሎቱን የማቆም ሥልጣን ያለው ኃላፊ በስም መመደብ። ከእነዚህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ የአመራር ጉዳይ ነው። ማሽኑን ማቆም የሚችል ሰው ለማቆም ፈቃድ መጠበቅ ካለበት፣ እያንዳንዱ ደቂቃ በገንዘብ ይቆጠራል።

ከሰንጋ ተራ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ሲወረድ የቀላል ባቡሩ መስመር ይገኛል። ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መስመር በ475 ሚሊዮን ዶላር፣ በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር፣ ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ተገንብቶ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በግንባታ ፍጥነት ከተመዘነ ከአህጉሩ የሚጠቀስ ነው። ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ከዚያ በኋላ በመለዋወጫ እጥረትና በውጭ ምንዛሪ ችግር ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ የሆኑ ባቡሮች እየበዙ በመሄዳቸው፣ በየጣቢያው የሚጠብቀው ተሳፋሪ ቁጥር ከባቡሩ አቅም ጋር መመጣጠን አቃተው። የግንባታው ውል የሚያበቃው በርክክብ ነው። የባቡር ሥራ ግን የሚጀምረው ከርክክቡ በኋላ ነው። የመለዋወጫ ክምችት፣ የጥገና ባለሙያ ሥልጠናና ዓመታዊ የውጭ ምንዛሪ ፍላጎት በአዋጭነት ጥናቱ ውስጥ እንደ ሐዲዱ ርዝመት እኩል ክብደት ሊሰጣቸው ይገባ ነበር።

በዚሁ በሜክሲኮ አካባቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነባሩንና አዲሱን ዘርፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘ ተቋም ነው። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 550 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ አርሶ አደሩና ነጋዴው የጥራት ደረጃ በወጣለት ምርት፣ በታወቀ ዋጋ፣ ክፍያው በማግሥቱ በሚፈጸምበት ሥርዓት እንዲገበያዩ ማድረግ። የክፍያው ጉዳይ ሳይነገር የማይታለፍ ስኬት ነው። በዱቤ ሸጦ ገንዘቡን ለወራት ሲያሳድድ የኖረ አቅራቢ በአንድ ቀን ልዩነት ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ ማግኘቱ የንግዱን ባህል ለውጧል።

ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ገበያው ሲገባ ግን ያልተጠበቀ ችግር ብቅ አለ። ሥርዓቱ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ በመጋዘን የሚያቀላቅል ስለነበር፣ የይርጋጨፌን ወይም የሲዳማን አንድ የተወሰነ ማጠቢያ ጣቢያ ምርት ለይቶ መግዛት የሚፈልገው የውጭ ገዢ ምርቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ ተዘጋበት። ለበቆሎ የሚመች ሥርዓት ለቡና አልተመቸም፤ በቡና ገበያ የትውልድ ቦታው ራሱ ዋጋ ነውና። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ሰፋፊ እርሻዎች በቀጥታ መላክ ይችሉ ስለነበር ችግሩ በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። እርማቱ የመጣው ከዓመታት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 እና በተከተሉት መመሪያዎች ሲሆን፣ የምርቱን ምንጭ የመከታተልና አቅራቢው በቀጥታ የመላክ ዕድል ተከፍቷል። እርማቱ መምጣቱ የሚያስመሰግን ነው። የቡና ቀማሽ፣ የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤትና ላኪ በንድፉ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ያህል ዓመት ባልፈጀ ነበር።

ከአዲስ አበባ ውጭ ወጥቶ ለማየት ያህል፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ተመሳሳይ ነጥብ ያነሳል። የግድቡ ትልቁ የአመራር ፈተና የሲቪል ሥራው አልነበረም። የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው የተሰጠው አገር በቀል ተቋም በልምድ ማነስ ሥራውን ማራመድ ሲያቅተው፣ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ሥራው ተነጥቆ ለሌሎች ተቋራጮች እንዲሰጥ ተወሰነ። የተርባይኖቹ ቁጥርም ወደ 13 ዝቅ ብሎ፣ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ሆኖ ተከለሰ። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት የጀመረው ከዚህ ከባድ ውሳኔ በኋላ ነው። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ውል ማቋረጥ ለማንኛውም አመራር የሚያም ነገር ነው። የዘገየ ማቋረጥ ግን የበለጠ ያስከፍላል።

አዲሶቹን ዘርፎች በተመለከተ ሁለት አብነቶች ይበቃሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ያስጀመረው ቴሌብር በገንዘብ ማስተላለፍ ጀምሮ ብድርን፣ ቁጠባንና የመንግሥት ክፍያን ደረጃ በደረጃ በመጨመር ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አፍርቷል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም በሙከራ ምዝገባ ተጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቶ፣ ከዚያ ወደ ባንኮችና ሌሎች ተቋማት ተስፋፍቷል። በሁለቱም የታየው፣ ትንሽ ጀምሮ በተገኘው ልምድ መስፋት ነው። ግን ይህ መንገድ ለሁሉም ሥራ ይሠራል ማለት አይደለም። ግማሽ ድልድይ ለሙከራ ክፍት አይደረግም፤ የግማሽ ሚሊዮን ሰው መረጃ የያዘ የመረጃ ቋት ደግሞ «ሙከራ ነው» ተብሎ ጥበቃው ሊላላ አይችልም።

የሕግ ማዕቀፉ በአሁኑ ወቅት አለ። ስለ ፌዴራል መንግሥት የልማት ፕሮጀክቶች አስተዳደርና አመራር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1210/2012 ፕሮጀክቶች በጀት ከማግኘታቸው በፊት የአዋጭነት ጥናትና ገለልተኛ ግምገማ እንዲያልፉ፣ ከተጠናቀቁ በኋላም እንዲገመገሙ ይደነግጋል። የመጀመሪያው ክፍል እየተለመደ መጥቷል። ከፍጻሜ በኋላ የሚደረገው ግምገማ ግን በየተቋሙ ያለው ቦታ ገና ጠባብ ነው፤ ምክንያቱም በምረቃ ማግሥት ቡድኑ ይበተናል፣ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል፣ ሰነዱም ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል። ሌት ተቀን በፈረቃ እየተሠራ ያለው የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት በፍጥነቱ ብዙ ትኩረት ስቧል። ለምን በፍጥነት እንደተቻለ፣ የትኛው ውሳኔ በሳይት እንደተሰጠ፣ ለተነሺዎች የተሰጠው ምትክ ምን እንደሆነና የትኛው ወጪ ከዕቅድ በላይ እንደሄደ በጽሑፍ ካልቀረ ግን ቀጣዩ ከተማ የሚወስደው ልምድ የመንገዱን ፎቶ ብቻ ይሆናል።

በሰንጋ ተራ የሚገኘው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በፕሮጀክት ማኔጅመንት በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጥናታቸውን ከሚሠሩባቸው ርዕሶች መካከል የቤቶች ግንባታ መዘግየትና የባንክ ቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች ይገኙበታል። ለእነዚህ ጥናቶች የሚያስፈልገው መረጃ፣ ማለትም የመጀመሪያው ውል፣ የለውጥ ትዕዛዞቹና የርክክብ ቃለ ጉባኤው፣ ከትምህርት ቤቱ መንገድ ተሻግረው በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ቤት ውስጥ ነው።